የእማማ ብዙነሽ ንባብ

እህቴ ዋጋነሽ ኮልፌ ባለችው ትንሽ ጸሎት ቤታችን ጓሮ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሴቶችን ማንበብ አስተማረች። ማን አዘዛት? ማንም! ‹‹ወንጌሉን ሰው እስኪያነብላቸው ለምን ይጠብቃሉ?›› ብላ ነው። ስንቷ መጣች መሰላችሁ፣ ስንቷስ ሄደች! አንዷ አገባች፣ አንዷ ሰፈር ለቀቀች፣ አንዷ ፊደል ራሴን ያሳምመኛል አለች። በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ በጃንሆይ ጊዜ መሆኑ ነው፣ የቀሩት እማማ ብዙነሽ ብቻ ነበሩ፤ ኮልፌ ገበያ ጎመን የሚሸጡ፣ ስድሳን ያለፉ ሴት።

ያን ጊዜ የጉባኤው ሽማግሌ አቶ መኳንንት እህቴን ጠሯት። ‹‹ዋጋነሽ፣ ክፍሏ ለዕቃ ቤት ትፈለጋለች። ትምህርቱ ፍሬ ካለው ግን አንነካትም። እሑድ አንዲት ተማሪሽ በጉባኤው ፊት ታንብብ፤›› አሏት። ለእሑድ አራት ቀን ቀርቷል።

እነዚያን አራት ቀናት አያምጣቸው። እህቴ እህል አልቀምስ አለች። የኔ ምላስ ግን አያርፍም፤ ‹‹ምን ያስጨንቅሻል? እማማ ብዙነሽ እንደ ውሃ ይጠጡት የለ!›› እላታለሁ። እውነቴን ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የሚያጽናናበትን ምዕራፍ ሲያነቡ አንዲት ቃል አይስቱም። እህቴ በጥንቱ ልማድ ነበር የምታስተምረው፤ እሷ ትላለች፣ ተማሪዎቹ ይቀበላሉ፣ ቃሉ እስኪጠልቅ ድረስ።

እሑድ ደረሰ። አቶ መኳንንት የራሳቸውን ትልቅ መጽሐፍ ገልጠው ለእማማ ብዙነሽ ሰጧቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገጹ ላይ አቀርቅረው ጀመሩ። እንዴት ያምር ነበር! ሰው ሁሉ ‹‹አሜን!›› ይላል። እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። አቶ መኳንንት ግን ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ።

‹‹እማማ፣›› አሉ ቀስ ብለው፣ ‹‹ይሄ እኮ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ነው።››

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ለካ እማማ ብዙነሽ ፊደል አይለዩም! ሰባት ዓመት ሙሉ በቃላቸው ይሉት ኖሯል። እህቴ አላለቀሰችም፤ የክፍሏን ቁልፍ አውጥታ ለአቶ መኳንንት ሰጠችና ወጣች።

ቤት ስንገባ ‹‹ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፣›› አለች። ‹‹አንዲት ሴት እንኳ አላስተማርኩም። ጌታ ፊት ምን ይዤ ልቀርብ ነው?›› ፈራሁላት።

በማግስቱ ደሜ ፈልቶ ገበያ ሄድኩ፣ እማማ ብዙነሽን ልናገራቸው። ‹‹እንዴት እንዲህ ያዋርዷታል? ለምን አልነገሯትም?››

‹‹አፈርኩ፣ ልጄ። በሁለተኛው ዓመት ማፈር ጀመርኩ፤ ከዚያማ እየባሰ ሄደ፤›› አሉ።

አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ዘመነች ቱግ አለችብኝ። ‹‹አንቺ ነገረኛ፣ እሳቸውን አትቆጪ! እኔ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰው ነኝ፣ እናንተ ጋ መጥቼ አላውቅም። ግን ባሌን የቀበርኩ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሲበተን፣ አርባ ቀን ሙሉ እየመጡ ያንን የወንጌል ቃል ያሉልኝ እሳቸው ናቸው። በሳቸው ነው ሰው የሆንኩት! ይኸው፣ እኔም ይዤዋለሁ፤›› ብላ ከመጀመሪያው ጀምራ ትለው ገባች። ከወዲያ ያለችው በርበሬ ሻጭም አብራት ትል ጀመር።

ሦስቱንም ይዣቸው መጣሁ። እህቴ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብላለች። እማማ ብዙነሽ ‹‹ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ከሀ ጀምሪልኝ፤›› አሏት።

‹‹ክፍል የለኝም እኮ፣ እማማ።››

ዘመነች ግን መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ‹‹ወንጌሉን አምጪው እስቲ። ‹ብቻችሁን አልተዋችሁም› ያለው የቱ ጋ ነው? በዓይኔ ልየው፤›› አለቻት።

ገጹን የገለጥኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ መሬቱ ላይ በጣቷ ‹ሀ›ን መጻፍ ጀምራ ነበር።