ኬኔ የፈታችው ፋሻ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ ወዲህ ኬኔ ቀኑ አልመሽ ብሏት ነበር። ውጤት እስኪወጣ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የላትም። ነቀምቴ ላይ ክረምት ከገባ ደግሞ ዝናቡ ጠዋት የለው፣ ማታ የለው። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። እናቷ በዛብሽ ሰልባጅ ተራ ልብስና ጫማ ትሸጣለች። የጎጃም ሰው ልጅ ስለሆነች ቤት ውስጥ በአማርኛ ትቆጣለች፤ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ትከራከራለች። ኬኔ ከሁለቱም ቋንቋ እየተቆነጠረላት ነው ያደገችው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በዛብሽ አንድ የጫማ ቦንዳ ስትከፍት ከጫማዎቹ መሃል አራት ጎማ ያለው ረጅም ጣውላ ወጣ። ገልብጣ አየችው። በእግሯ ገፋ ስታደርገው ተንሸራቶ ከጎረቤት መደብ ጋር ተላተመ።

«ይቺ እንኳ ጋሪዬ ትሆናለች» አለችና ቦንዳ ማጓጓዣ አደረገችው።

ምንነቱን ከስልኳ ላይ ያወጣችው የኬኔ ጓደኛ ሱአድ ነች። «ሎንግቦርድ ይባላል። ቆመው ነው የሚነዱት፤ ቁልቁለት ላይ» አለች። ሦስተኛቸው ሌንጮ ነው። ወፍጮ ቤት ያላቸው የኦቦ ሞረዳ ልጅ ሲሆን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከኬኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነገር ከጀመረ የማይተው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚለይ ልጅ ነው።

ገበያው ከተበተነ በኋላ «ጋሪዋን» ይዘው ከሰፈራቸው በላይ ወዳለው ቁልቁለት ይወጣሉ። አስፋልቱ ጠፈፍ ሲል በየተራ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ክርናቸውና ጉልበታቸው ተላጠ። የባጃጅ ነጂዎች «ልጆች፣ መሞት አማራችሁ?» እያሉ ይጮሁባቸዋል፤ የሰፈሩ ሴቶች በራፋቸው ላይ ቆመው ከንፈር ይመጥጣሉ። ኬኔ ግን ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ስትወርድ፣ ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ሲያፏጭ፣ ውጤት የሚባለው ነገር ከአእምሮዋ ይጠፋል። በዚያ ክረምት ሌላ ዕረፍት አልነበራትም።

«ግቢ ስንገባም ይዘናት እንሄዳለን። ሦስታችንም አንድ ዩኒቨርሲቲ እንሞላለን። ቶሌ?» ይላል ሌንጮ።

«ቶሌ!» ይሉታል ሁለቱ፤ እሺ እንደ ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ካፊያው ገና እንዳባራ ሌንጮ ቦርዱን አነሳ።

«አስፋልቱ እኮ እርጥብ ነው፤ ዛሬ ይቅርብን» አለችው ኬኔ።

«አንዴ ብቻ። ሱአድ፣ ቅረጪኝ።»

ኬኔ ቦርዱን ከእጁ ልትነጥቀው ትችል ነበር። አልነጠቀችውም። እንደ ወትሮው እየሳቀ ወረደ። መታጠፊያው ላይ አንድ ባጃጅ ከውስጥ መንገድ ብቅ ሲል ሌንጮ ሊያመልጠው ዞረ፤ ጎማው በእርጥቡ ላይ ተንሸራተተና ልጁ ከነፍጥነቱ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባ። ሲደርሱ ቀኝ እግሩ ከቅልጥሙ ላይ ተሰብሮ ባልተለመደ በኩል ተጣጥፏል። አላለቀሰም። «አባቴ እንዳይሰማ» ብቻ ይላል ደጋግሞ።

ኦቦ ሞረዳ ግን ሰሙ። ሰዉ ሁሉ «ሆስፒታል!» ሲላቸው እሳቸው ቢላ ከተማ ያሉትን ወጌሻ መረጡ። ድሮ ወንድማቸው በመኪና አደጋ ተጎድቶ እግሩን ተቆርጦ ከሆስፒታል ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሲባል የሚታያቸው መጋዝ ነው። የራሳቸው ክንድ ደግሞ በዚያው ወጌሻ እጅ ነው የዳነው። ሚኒባስ ተኮናትረው ቢላ ወሰዱት፤ በማግሥቱም እግሩ በቀርቀሃ ስንጥርና በፋሻ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ተመለሰ።

ኬኔ ልትጠይቀው ስትሄድ እናቱ አዴ ቀለሟ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ያንን መዘዝ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ።»

ኬኔ ከበሩ ተመለሰች። ቤት ስትገባ በዛብሽ ቦርዱን ግቢ ውስጥ በመጥረቢያ ፈልጣው አገኘቻት።

ሳምንት ሳይሞላ አዴ ቀለሟ ገበያ የሚወጡበትን ቀን ጠብቃ፣ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ዞራ ገባች። ሌንጮ ከስቷል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ያምሃል?»

«መጀመሪያ ሊገድለኝ ነበር። አሁን ተወኝ፤ ምንም አይሰማኝም።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ከፋሻው ጫፍ ብቅ ያሉት ጣቶቹ አብጠው በልዘዋል። ትልቁን ጣት በእጇ ያዘችው፤ የወንዝ ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ ቀዝቅዟል።

«ስነካህ ይሰማሃል?»

«መቼ ነካሽኝ?» አላት።

«ሌንጮ፣ ይሄ ደህና አይደለም። ሆስፒታል መሄድ አለብህ።»

«እንዳታስቢው! ከገባሁ ይቆርጡታል። ማሎ፣ ኬኔ፣ ማሎ» እያለ ለመናት። «ለማንም እንደማትናገሪ ማይልኝ።»

ዓይኑ እንባ ሲያቀር አይታው ስለማታውቅ ማለችለት።

ያንን መሐላ ይዛ ስትገላበጥ አደረች። በማግሥቱም ሰልባጅ ተራ ተቀምጣ ደንበኛ ሲጠይቃት አትሰማም። የጣቱ ቅዝቃዜ ከመዳፏ አልወጣ አለ። ወደ ማታ ላይ ለሱአድ ነገረቻት። የሱአድ አጎት በቢላ መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ የወጌሻውን የኦቦ ጋሩማን ስልክ አፈላልጎ ላከላቸው።

ኬኔ ስትደውል ሽማግሌው በኦሮምኛ ጠየቋት። «ጣቱ ቀለሙን ለውጧል? ስትነኪው አይሰማውም?» ስትነግራቸው ድምፃቸው ተለወጠ። «ለአባቱ ነግሬው ነበር እኮ! ከቀዘቀዘ ፋሻውን አላሉለት፣ አለዚያ ቶሎ መልሱልኝ ብዬ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁኑኑ ፍቱት። ወደ እኔም አታምጡት፤ ይሄ ከእጄ አልፏል። ሐኪም ጋ ሩጡ።»

ኬኔ በማግሥቱ በጠዋት ወፍጮ ቤት ሄደች። ኦቦ ሞረዳ ዱቄት ለብሰው ጆንያ ያስራሉ። በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች የሰማችውን ነገረቻቸው።

«አንቺ ነሽ የደወልሽለት?» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። «አጥንት ሲገጥም ያብጣል። የእኔም አብጦ ነበር። ሰኞ ራሴ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ሰው እንዳይነካው፤ ልጅ ነሽ፣ የልጅ ነገር አታምጪብኝ።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። የሌንጮ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ኬኔ ከምታገለግልባቸው መዘምራን ቀረች። እናቷ ቦንዳ የምትከፍትበትን ትልቅ መቀስ በነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ሱአድ ባጃጅ አቁማ ውጭ ጠበቀች። ኬኔ ስትገባ ክፍሉ ሸተታት፤ ከሁሉም በላይ ያስደነገጣት ሽታው ነበር።

ሌንጮ መቀሱን ሲያይ ገባው። «ምለሻል!»

«አዎ፣ ምያለሁ።»

«ኬኔ፣ አትንኪኝ! አትንኪኝ አልኩሽ!»

የመጀመሪያውን ፋሻ ስትቆርጥ በቡጢ ትከሻዋን መታት። መቁረጧን አላቆመችም። ፀጉሯን ይዞ ጎተታት። እንባዋ እየወረደ፣ አንገቷ እየተጣመመ፣ ስንጥሩን አንድ በአንድ አላቀቀችው። ፋሻው ሥር ያለውን ሲያይ ሌንጮ ራሱ እጁን ለቀቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ገብተው ተሸክመው ባጃጁ ውስጥ አስገቡት። ኬኔ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በየጉድጓዱ ላይ በእጇ ደግፋ ሄደች።

የመረመረችው ወጣት ሐኪም ነች። «ማነው የፈታው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ።»

ሐኪሟ ለአፍታ አየቻት። ልታጽናናት ይሁን ልትወቅሳት አልታወቀም። «ከትናንት በስቲያ ቢፈታ ኖሮ እግሩ ሙሉ በሙሉ ይተርፍ የነበረ ይመስለኛል። ነገ ቢሆን ግን ከጉልበቱ በታች አይተርፍም ነበር» አለቻት።

ጣቶቹንና የእግሩን የፊት ክፍል አነሱለት። ተረከዙ ተረፈ። ኬኔ ሌሊቱን ሁሉ የሐኪሟን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስታላምጥ አደረች። ከትናንት በስቲያ፣ ማለት፣ ለመሐላዋ ስትል አፏን ዘግታ የዋለችበት ቀን ነበር።

አዴ ቀለሟ ኮሪደሩ ላይ ሲያገኟት አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። «በሰላም ታስሮ የነበረውን ልጄን ፈትተሽ አስቆረጥሽው» አሏት ቀስ ብለው። ወሬው ሰፈር ገባ። መዘምራኑም ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኬኔ ስትገባ ጨዋታ ይቆም ጀመር።

ውጤት የወጣው መስከረም ላይ፣ ሌንጮ ገና አልጋ ላይ እያለ ነው። ኬኔ አለፈች። ሌንጮም አለፈ፤ ከእሷ በልጦ። ሱአድ በጥቂት ነጥብ ወድቃ እዚያው ነቀምቴ ሪሚዲያል ተመደበች። ሦስቱም ምንም ድግስ አልደገሱም። የሌንጮ ቤተሰብ ምደባው ለአንድ ዓመት እንዲቆይለት ማመልከቻ አስገባ።

ኬኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ኦቦ ሞረዳ ሰልባጅ ተራ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መደቡ ፊት ቆሙ። በዛብሽ ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም።

«ጋሩማ ነግሮኝ ነበር» አሉ ለኬኔ። «ከቀዘቀዘ አላላ ብሎኝ ነበር። ፈራሁ፤ ብነካው የምሰብረው መሰለኝ። ይህን ለቀለሟ ነግሬያታለሁ። አሁን የምትቆጣው እኔን ነው። ዋቃዮ ይባርክሽ። ሂጂና እዪው።»

ሄደች። ሌንጮ በክራንች ተደግፎ በረንዳው ላይ ቆሟል። በሩን የከፈቱላት አዴ ቀለሟ ሲሆኑ ሰላም ሳይሏት ወደ ጓዳ ገቡ።

«ነገ ልሄድ ነው» አለችው።

«ሰማሁ።»

«ሌንጮ፣ እኔ...»

«አባቴ ያመስግንሽ» አላት ወደ መንገዱ እያየ። «ያደረግሽው ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳትፈቺው እየለመንኩሽ ነበር፤ ሰምተሽኝ ቢሆን ሞቼ ነበር፤ ይሄንንም አውቃለሁ። ግን ሌሊት ስነቃ የሚታየኝ መቀሱን ይዘሽ ነው። እኔ ገና አልቻልኩም፣ ኬኔ።»

«እሺ» አለችው። ወጥታ መታጠፊያውን እስክታልፍ እንባዋን ያዘችው።

ግቢ ከገባች በኋላ ሌንጮ ለወራት አልደወለላትም፤ እሷም አልደፈረችም። ሱአድ አልፎ አልፎ ትነግራታለች። ልዩ ጫማ ተሠርቶለታል፤ ያለ ክራንች የቤታቸውን ግቢ ይዞራል፤ ወፍጮ ቤት ሒሳብ ይቀበላል። ኬኔ ከዶርም ልጆች ጋር ትስቃለች፣ ታጠናለች። ሰው ድንገት ሲጮኽ ግን ፀጉሯን በእጇ ትይዛለች።

ሚያዝያ ላይ ከክፍል ስትወጣ ስልኳ ጠራ። የሌንጮን ስም ስታይ ከሰው መሃል ወጣ ብላ አነሳችው።

«ኬኔ» አለ፤ ድምፁ ወፈር ብሏል። «ለመስከረም ዩኒቨርሲቲ ልሞላ ነው። የእናንተ ግቢ ደረጃ ይበዛዋል?»

«ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ይበዛል» አለችው ድምፅዋን አረጋግታ። «ዶርሙ ግን ምድር ቤትም ክፍል አለ። ለፕሮክተሩ አስቀድሞ መንገር ነው።»

«ከዶርም እስከ ክፍልስ?»

«ለእኔ ሩቅ አይደለም። ለአንተ ግን... አላውቅም። ሄጄ በደንብ አይቼ ልንገርህ?»

የወፍጮው ሞተር ከኋላው ይሰማል።

«እሺ፣ እዪልኝ» አላት።

ይቅር ብሎኛል ወይ ብላ አልጠየቀችውም። ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ የምሳ ሰልፉን ትታ፣ ከወንዶች ዶርም በር ተነስታ ወደ ክፍሎቹ የሚወስደውን መንገድ ቀስ እያለች፣ ጉድጓዱንና ዳገቱን እያየች ሄደችበት።