ባጃጇን ፈረስ ያደረጋት ማን ነው?

ሕግ የተማርኩት በሐዋሳ ሆቴሎች ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነው። ከተመረቅኩ በኋላም መጫወቴን አልተውኩም። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ በእረፍት ሰዓት ዘፋኙም ጊታር መቺውም ወደ እኔ እየመጡ «እስኪ ይህን ውል እዪልኝ» ማለት መጀመራቸው ነው። የሚያሳዩኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈረሙትን ነበር። ከተፈረመ በኋላ የሚነበብ ውል ሲበዛብኝ ጊዜ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ውዝዋዜ የሚያስተምር ጓደኛዬን ክፍሉን ለቅዳሜ ከሰዓት እንዲያውሰኝ ለመንኩትና ለሙዚቀኞች ትምህርት ጀመርኩ።

ጅማሬው የሚያኮራ አልነበረም። የሚመጡት ጥቂት ነበሩ፤ የመጡትም ቢሆኑ ስለ ቅጂ መብት ማውራት ስጀምር ያዛጋሉ። አንድ ድራም መቺ በየሳምንቱ ግድግዳውን ተደግፎ ይተኛ ነበር። እኔም የሕጉን ቃል እንዳለ እያነበብኩ አስተኛዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት በሩ ላይ ቆመው «ስለ ዘፈን የሚጠየቀው እዚህ ነው?» አሉ። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ነው የመጡት። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት እንዳላቸው፣ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር እየዞሩ እንደሚዘፍኑ አጫወቱኝ። የሚዘፍኑት በሲዳምኛ ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ያመጣቸው ጉዳይ ይህ ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ሲሰፉ ከጎረቤት ስልክ ቤት ድምፅ ማጉያ አንድ ዘፈን ይሰማሉ። እሳቸው ለእህታቸው ልጅ ሰርግ ያወጡት ዘፈን ነው። የሚዘፍነው ስሙ በከተማው መነሳት የጀመረ ወጣት ነው። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ከወንበራቸው ተነስተው እንደጨፈሩ ሳይደብቁ ነገሩኝ። በኋላ የስልክ ቤቷ ባለቤት ዩቲዩብ ላይ ከፍታ አሳየቻቸው። ከዘፈኑ ሥር «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

«ሕዝብ ማለት እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

የራሳቸው ሥራ መሆኑን እርግጠኛ እንደሆኑ ስጠይቃቸው አላመነቱም። ያስቸገራቸው ሌላ ነገር ነበር። ሰርግ ላይ የተዘፈነ ነገር የሁሉም ሆኖ ሳለ የኔ ነው ማለት ነውር እንዳይሆንባቸው፣ ሰው እንዳይታዘባቸው ፈርተዋል። ያን ቀን የሕግ መጽሐፌን ዘጋሁት። ሰው በሰርጉ ቢዘፍነው ደስታ ነው፣ ስቱዲዮ ገብቶ ቀርጾ የሚያሰራጨው ግን ያወጣውን ሰው መጠየቅ አለበት አልኳቸው። ያወጣው ሰው በሕይወት እያለ፣ እየታወቀም፣ ዘፈን ስለተወደደ ብቻ ባለቤት እንደማያጣ ነገርኳቸው።

ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ «እሺ፣ ስሜስ ይቅር» አሉ። «ባጃጇን ግን ለምን አጠፉብኝ?»

አልገባኝም። የምን ባጃጅ አልኳቸው።

የእህታቸው ልጅ በተዳረች ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር። ሙሽራዋን የያዘው አበባ የተሸለመ መኪና መናኸሪያ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ሚዜዎቹ ሲጨነቁ ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ወረደች፣ የምታልፍ ባጃጅ አስቆመች፣ ብቻዋን ተሳፍራ ድንኳኑ በር ላይ ደረሰች። የሙሽራው ዘመዶች ደንግጠው ሲተያዩ አክስትየዋ ፊት ወጡ። ሌላዋ ሙሽራ በመኪና ትምጣ፣ የእኛዋን ግን ጭቃም አላቆማት፣ በባጃጅ ገስግሳ መጣች ብለው እዚያው ገጠሙ። ድንጋጤው ጭፈራ ሆነ። ዩቲዩብ ላይ ባለው ዘፈን ግን ሙሽራዋ የምትመጣው በፈረስ ነው።

ድራም መቺው ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ከጥንት የመጣ ዘፈን ከሆነማ ባጃጅ ምን ያደርጋል?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ነቃ። ሰርጉ በስልክ ተቀርጿል ወይ ብሎ የጠየቃቸው እሱ ነው። ተቀርጿል፤ ሙሽራዋ ጋ አለ። ሕጉ አንድ ሥራ ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ሆኖ፣ የሆነ ነገር ላይ ተቀርጾ ይገኝ የሚለው ለምን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ለሁሉም ገባቸው። ስንት ሳምንት የለፋሁበት ነገር በአንዲት ባጃጅ ተፈታ።

ለወጣቱ ዘፋኝ ደውዬ ጉዳዩን አስረዳሁትና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠርኩት። ዘፈኑን ካቀናበረለት ሰው ጋር መጣ። እኛም ሴትየዋን፣ የእህታቸውን ልጅና መናኸሪያ መስመር ላይ እስካሁን የሚሠራውን የባጃጅ ሾፌር ይዘን ጠበቅናቸው።

አቀናባሪው ከተቀመጠበት ጀምሮ ተናደደ። ዘፈኑ ከአባት ከእናት የወረደ መሆኑን፣ ሽማግሌዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ማንም ተነስቶ የኔ ነው ሊለው እንደማይችል ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሴትየዋ ሳያቋርጡ አዳመጡት። ሲጨርስ በለሆሳስ ጠየቁት።

«ፈረሱንም ከሽማግሌዎቹ ነው የሰማኸው፣ ልጄ?»

ወጣቱ ዘፋኝ ዞሮ አቀናባሪውን አየው። የእህታቸው ልጅ ስልኳን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቪዲዮው ላይ አክስትየዋ እጃቸውን ዘርግተው ሲዘፍኑ፣ ከኋላቸውም ጭቃ የለበሰች ባጃጅ ትታያለች። ሾፌሩ የኔ ናት አለና ቬሉ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ እንዴት እየተሳቀቀ እንደነዳ፣ ሒሳብ ሊቀበል ሲል እየጎተቱ እንዳስጨፈሩት ተረከልን። አቀናባሪው ራሱ ሳይቀር ሳቀ። ዘፈኑን ከአንድ ሰርግ ቅጂ ላይ እንደሰማው፣ ባጃጅ የምትለዋን ቃል የቀየረው የድሮ ለዛውን እንዳታበላሽበት ብሎ መሆኑን ከዚያ በኋላ አልደበቀም።

ወጣቱ ተነስቶ እጅ ነሳ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤት እንዳለው ሳላውቅ ነው የዘፈንኩት» አለ። እሳቸውም ድምፁ ደስ እንደሚል፣ ዘፈኑን በጥሩ ሁኔታ እንደያዘላቸው ነገሩት። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞረው «በይ፣ ውሉን ጀምሪው» አሉኝ። ነውር ነው ብለው የመጡት ሴት ይህን ሲሉ ስሰማ ፈገግ ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

ውሉን የእህታቸው ልጅ ወደ ሲዳምኛ እየመለሰች ቃል በቃል አነበበችላቸው። ስማቸው ከዘፈኑ ሥር ይጻፋል፣ ከገቢው ድርሻ ያገኛሉ፣ ግጥሙ እንደ ቀድሞው ሆኖ እንደገና ይቀረጻል። ለመፈረም ብዕር ካነሱ በኋላ ቆም አሉና አንድ ነገር አስጨመሩ፤ ሰርግ ላይ ማንም ሰው ሳይጠይቃቸው ይዝፈነው። ስለ መብት ሳስተምር የከረምኩት እኔ ነኝ። ሰው የራሱ መሆኑን ያወቀውን ነገር ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚያምርበት ያሳዩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ አልበቃን አለ። የሰርግ ዘፋኞች፣ ክራር ደርዳሪዎች፣ ዘማሪዎች ሳይቀሩ ውላቸውን ሳይፈርሙ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ወጣቱ ዘፋኝም ራሱ ከተማሪዎቹ አንዱ ሆነ።

እሱ በባህል አዳራሹ ዝግጅት ሲያቀርብ ኪቦርድ ላይ ነበርኩ። በመሃል ሴትየዋን ከተቀመጡበት አስነስቶ ወደ መድረክ ጋበዛቸው፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሳቸው ግን ማይኩን እንደያዙ ወደ ካሜራው ሰውዬ ዞሩና የሚቀርጸው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ለማስታወሻ ብቻ ነው አላቸው። ካልፈቀድኩ ሌላ ቦታ እንዳይወጣ ብለው ሰው ሁሉ እየሰማቸው ነገሩትና እሺ አስባሉት። ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎቼ እየተነሱ አጨበጨቡ።

ሁላችንም የሰርጉን ዘፈን ስንጠብቅ «አዲስ አለኝ፤ በዚህ ሳምንት ያወጣሁት ነው» አሉ። ልምምድ አላደረግንም፤ በየትኛው ቅኝት እንደሚነሱ እንኳ አላውቅም ነበር። አይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ጆሮዬን አቁሜ አንድ ሁለት ቁልፍ ነካካሁ፣ አገኘኋቸውና ተከተልኳቸው። ድራም መቺው ከኋላዬ ገባ። አዳራሹ ሰምቶት የማያውቀውን ዘፈን እጁን እያጨበጨበ ተቀበላቸው።