አርብ በዘጠኝ ሰዓት

እህቴን ዐዚዛን የሚያውቃት ሁሉ «ጠንካራ ናት» ይላል። እኔ ግን ችኮ ናት እላለሁ። ልዩነቱ የሚገባው ስልክ ይዞላት ለቆመ ሰው ብቻ ነው፤ ስልክ ይዤላት የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊ ናት። ጎንደር ፒያሳ፣ ከእኔ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ምን እንደነካት አላውቅም፣ «ስፌት በዩቲዩብ ላስተምር ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። «አንተ ነህ የምትቀርጸኝ» ስትለኝ ሳቄን ዋጥኩ።

የሸሚዝ እጅጌ እንዴት እንደሚገጠም ለማሳየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። እኛን ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። በቤታችን ግቢ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ጠረጴዛ ዘርግተን ገና መቀሷን ስታነሳ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። «እንደገና!» ጨርቁን ስትዘረጋ ዶሮ ይጮሃል። «እንደገና!» ክንዴ ዝሎ ስልኩ ሲንቀጠቀጥማ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ይሆናል። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ ከሱቄ የወሰደችው አዲስ ጣቃ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ይመለስልኛል። ማን ይገዛዋል?

ከዚያ ደግሞ መጫኑ አለ። ዋይፋይ ያለው ካፌ ገብተን አንድ ማኪያቶ ለሁለት አዘን እንጎለታለን። አስተናጋጇ «ተነሱ» ማለት እያማራት ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ትወለውለዋለች። ዘጠና ስምንት በመቶ ሲደርስ መብራት ይጠፋል።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ አሥራ ሰባት ሰው አየው፤ ዘጠኙ ዘመዶቿ ነን። «ተይው» አልኳት።

«አርብ በዘጠኝ ሰዓት ብያለሁ» አለችኝ። «ሰው አየኝ አላየኝ፣ አርብ በዘጠኝ ሰዓት እገኛለሁ። አንዴ የቀረች አስተማሪ ተማሪ የላትም።»

መሰላቸት ያልመጣባት እንዳይመስላችሁ። ኅዳር ላይ አንዱ «ድምፅሽ ይደብራል» ብሎ ጻፈላትና ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። እኔም «እሰይ፣ ተገላገልኩ» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባንቺአየሁ የምትባል ሴት ከመካነ ብርሃን ሱቃችን ድረስ መጣች። ወንድሟ ደባርቅ ሲሄድ ቪዲዮዎቹን በሚሞሪ አስገልብጦ ያመጣላታል። ከቪዲዮው ተምራ የሰፋችውን ሸሚዝ ይዛ ነበር፤ የግራው እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥሟል። «ምነው እትዬ፣ የቱ ላይ ነው የሳትሁ?» ብላ ስትጠይቃት ዐዚዛ እንባዋ መጣ። እጅጌውን ፈትታ በፊቷ ገጠመችላት። በማግስቱ ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ፤ መገላገሌም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ብልሃት አመጣች። አራት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ እንቀርጽና ቀድማ ትጭናቸዋለች፤ ዩቲዩቡ ራሱ በተቀጠረለት አርብ፣ በዘጠኝ ሰዓት ያወጣዋል። «ስንቅ» ትለው ነበር። ታመመች፣ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ሞተ፣ አርብ አይጓደልም። ከመጀመሪያው አንስቶ ሲቆጠር ሠላሳ አርብ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼባት ነበር፤ እንዳትጠግብ ብዬ ግን አልነገርኳትም።

በሚያዝያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አጥር የምንጋራቸው አያ ዳኛው ሞቱ። ባለቤታቸው እማማ ሸዋአየሁ ዐዚዛን ያሳደጓት ናቸው ማለት ይቻላል። እናታችን ለንግድ ገበያ ለገበያ ስትዞር እሷ የምትውለው እሳቸው ቤት ነበር። የክርስቲያን ቤት ነውና ሥጋ በሚበላበት ቀን ለእሷ ሽሮ ለብቻ ይሠሩላታል። መርፌ ክር ማስገባት ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

ዐዚዛ ሁለት ቀን ሙሉ ከለቅሶው ቤት አልወጣችም። ውሃ ቀዳች፣ ዳቦ አቀረበች፣ አለቀሰች። ስልኳን ቤት ትታ ስለወጣች አርብ መሆኑንም የረሳች ይመስለኛል። እኔም ረስቼዋለሁ። ዩቲዩቡ ግን ለቅሶ አያውቅም።

በዘጠኝ ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ወጣቶች ከአንዱ ስልክ የእህቴ ድምፅ ወጣ። «እንኳን ደስ አላችሁ ቤተሰቦቼ! ዛሬ የምንቆርጠው የሰርግ ቀሚስ ነው!» ቢጫ ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ እየሳቀች። ልጁ ደንግጦ ሊዘጋው ሲታገል ይባስ ብላ እልል አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ዐዚዛ የዳቦውን ሰፌድ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«የጎረቤት አፈር ሳይደርቅ?» አለች አንዷ ሴት።

«ቀድሞ የተቀረጸ ነው!» አልኩ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ዩቲዩብ ቀጠሮ እስቲ ለማስረዳት ሞክሩ። የእድሩ ሰብሳቢ አያ ማሩ በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ ዩቲዩብ የሚሉት ሰውዬ እንዲህ ያለ ቀን መልቀቁ ምን ይሉታል?» አሉኝ። ተውኩት።

ቤት ስንገባ ዐዚዛ «ነገ ሠልስት ነው፤ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለችኝ።

እኔም በንዴት ነድጄ ነበር። በእሷም፣ በስልኩም፣ በዚያ ልጅም። «ቅሪ!» አልኳት። «ነገሩ እስኪበርድ ከቤት አትውጪ።»

ቀረች። እኔ ብቻዬን ሄድኩ። እሑድም ቀረች፣ ሰኞም። አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግስቱ ለመሄድ እጥፍ ድፍረት ይፈልጋል፤ ድፍረቱ ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ሞላ። የቀሩትን ቪዲዮዎች ሁሉ ሰረዘቻቸው። ሰዎች «የት ጠፋሽ?» እያሉ ጻፉላት፤ አልመለሰችም። መቀሷንም አልነካችም።

«ሠላሳ አርብ የደከምሽበት ገደል ሊገባ ነው» አልኳት፤ እኔ ራሴ እንዲህ እላለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ።

«ይግባ» አለችኝ። «እማማ ካላናገሩኝ በዚህ ግቢ መኖሬም ትርጉም የለው። እናቴ ናቸው እኮ።»

አያ ማሩን ብናማክራቸው «ድንጋይ ተሸክማ ትግባ፤ ደንቡ እሱ ነው» አሉ። አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሦስታችን ሄድን። ዐዚዛ ለሁለት እጅ የሚከብድ ድንጋይ ጫንቃዋ ላይ አድርጋ ደጃፋቸው ላይ ተንበረከከች። አያ ማሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሸዋአየሁ፣ ይች ልጅ በዚያ በቪዲዮው ነገር...» ብለው ሲጀምሩ፣ እማማ ሸዋአየሁ በጥቁር ልብሳቸው ከመደቡ ተነሡ።

«የምን ቪዲዮ? እኔ ያን ቀን ከራሴ ጩኸት በቀር የሰማሁት የለ» አሉና ወደ ዐዚዛ ጎንበስ አሉ። «ተሻለሽ ወይ ልጄ? ምነው በድንጋይ? ከበሽታ የተነሣ ሰው ድንጋይ ይሸከማል?»

«ማን አመመው እማማ?» አለች ዐዚዛ ግራ ገብቷት። «አልታመምኩም። አፍሬ ነው የቀረሁት።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «ደህና ሆነሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ሆነሽ ነው በዳኛው ሠልስት የቀረሽ? አገር ሲገባ ሲወጣ ዓይኔ በር በር ሲል ዋለ። እኔ እኮ ያንችን ነገር ስሰማ ሐዘኔን ትቼ፣ ‹ልጄን ማርልኝ› ብዬ ለመድኃኔ ዓለም ጧፍ ተስያለሁ።»

ዐዚዛ ከድንጋዩ ሥር አቀረቀረች። አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ቅሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዞረው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተማ በሠልስቱ መጥተሃል» አሉ። «እዚያች ጥግ ተቀምጠህ ንፍሮ ስትበላ ‹እህትህሳ?› ብዬ ጠየቅሁህ። ‹ክፉኛ አሟታል፣ ከአልጋ አትነሣም› አልኸኝ።»

ዐዚዛ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ነገር አልነገርኳትም ነበር።

«ያን ድንጋይ አውርጂ ልጄ» አሏት እማማ ሸዋአየሁ። «ለወንድምሽ ስጪው።»

አያ ማሩ ራሳቸው ተቀብለው ጫኑብኝ።