በእህቷ ዓይን የቀናችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ በሰው ቤት፣ በሰው ባል፣ በሰው ወርቅ ቀንታ አታውቅም። በታናሽ እህቷ ዓይን ግን ቀናች፤ ያውም አንጀቷ እስኪያርር። ዓይኑ ትልቅ ወይም ኩል የሚያምርበት ሆኖ አይደለም። ያስቀናት የሚያየው ነገር ነው።

ሴትዮዋ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ የስፌት መኪና ጋር አብራ አርጅታለች። ከሥራ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በፌስታል ሞልታ ወደ ቤቷ ትወስድና እየገጣጠመች፣ በመሃሉ ጥጥ እየከተተች ብርድ ልብስ ትሠራለች። ለንድፍ የሚሆናትን የምታገኘው እሁድ እሁድ ነው። ከምሳ በኋላ ባሏን፣ ሴት ልጇንና እህቷን አስከትላ ከተማውን ትዞራለች። የባንኩን ደረጃ፣ የሲኒማ ቤቱን ወለል፣ ሰገነት ላይ የተሰጣ አንሶላ ሳይቀር ልብ ብላ አይታ ትመጣና ሰኞ መቀሷን ታነሳለች። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ከጎማ ከፍታ በላይ የማየት ልማድ የለውም፤ እሷ ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል። እህትየው ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። መርፌ የያዘችው ባለፈው ዓመት ነው፤ ያስተማረቻትም ራሷ ልብስ ሰፊዋ። ማን አስተምሪ አላት?

እውነቱን ለመናገር እህትየው መስፋቱ እስከ ዛሬ አልሆነላትም። ስፌቷ ይንሻፈፋል፣ ክሯ ይላላል። ግን ሁለቱ አንድ ግድግዳ አይተው ሲመለሱ፣ የታላቅየው ብርድ ልብስ ግድግዳውን ይመስላል፤ የታናሽየው ግን ግድግዳው ላይ ያረፈችውን የከሰዓት ፀሐይ ጭምር ይዞ ይመጣል። ጎረቤት የታላቅየውን ሲያይ እጅሽ ይባረክ ይላል። የታናሽየውን ሲያይ ዝም ብሎ ይቆያል። ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ያ ዝምታ ነው።

ይባስ ብሎ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነርስነት ልትማር ወደ ሩቅ ከተማ የምትሄድበት ጊዜ ደረሰ። ሻንጣዋ ከአንድ ብርድ ልብስ በላይ አይይዝም። ሁለታችሁም ሥሩልኝና አንዱን እመርጣለሁ አለች፣ ሳቅ እያለች። ለእናትየው ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያለበሰቻት ልጅ በሰው አገር ስትተኛ የማንን ብርድ ልብስ ልትሸፈን ነው?

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት። ትንሽ አሳፍሯታል፤ ግን አልተወችውም። እህቷ የምታየው ካጣች ምን ልትሰፋ ነው? ከዚያ እሁድ ጀምሮ መንገድ መምረጡን ጠቅልላ ያዘችው። መጀመሪያ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ወሰደቻቸው። በሳምንቱ የሲሚንቶ መጋዘኖቹን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አስጨረሰቻቸው። በሦስተኛው እሁድ ደግሞ በፍሳሽ ቦዩ ዳር ይዛቸው ነጎደች።

ባሏ ስድስት ቀን የሚውልበትን ጋራዥ በሰባተኛውም ቀን እንዲያይ የተፈረደበት በምን ጥፋቱ እንደሆነ ጠይቋት ነበር። ለአየሩ ነው አለችው። ይህን ስትል አንድ የቆሻሻ መኪና አጠገባቸው ቆሞ እየጫነ ነበር።

እህቷ ወደ መናፈሻው እንሂድ ብትላት በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው። ቆም ብለው እንዳያዩ ስለፈለገች እሷ ከፊት ከፊት ትጣደፋለች፣ ሌሎቹ ቁና ቁና እየተነፈሱ ይከተሏታል። አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየቻቸውም።

የዘነጋችው ነገር ቢኖር የራሷን ዓይን ነው። ሰኞ መቀሱን አንስታ የምትቆርጠው አጣች። እህቷን ለማስራብ ብላ አብራ ጾመች። ቀኑ ሲደርስባት ከዚህ በፊት አራት ጊዜ የሠራችውን የሲኒማ ቤት ወለል ለአምስተኛ ጊዜ ሠራችው። እንከን አይወጣለትም፤ ራሷን ግን ገና ሳይጠናቀቅ ሰለቻት።

ልጅቷ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት እህትየው የራሷን በቦርሳ ይዛ መጣችና አልጋው ላይ ዘረጋችው። አመድማ፣ የሲሚንቶ ቀለም፣ የዝገት ቡኒ፣ የረጠበ ድንጋይ የመሰለ ጥቁር። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ምኑም ቀለም አይደለም ብላ። ከዚያ ደግማ ስታየው ክው አለች። ያ የማያልቀው አጥር፣ የጋራዡ ዘይት፣ የቦዩ ውሃ ሁሉም አለ፤ ደግሞም ያምራል። በዚያ ሁሉ ግራጫ መሃል ወደ ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ቁራጭ ብቻዋን ወደ ፊት ዘንበል ብላ ተሰፍታለች።

ባልየው ከበሩ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየ። እሱም ዝም አለ።

ልጅቷ ቢጫዋን በጣቷ ነክታ ሳቀች። «እማዬ፣ ይቺ እኮ አንቺ ነሽ። የእሁዱ ቢጫ ሹራብሽ።»

«ታዲያ ሌላ ምን የሚታይ ነበር?» አለች እህትየው። «እንደዛ ከፊታችን ስትበሪ እኔ አንቺን ሳይ ነበር፣ እትዬ።»

ልጅቷ የእናቷን ብርድ ልብስ በሁለት እጇ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «ያንቺን ለክረምት ስመለስ እለብሰዋለሁ፣ እሺ? ይሄን የምወስደው አንቺ ስላለሽበት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የግራጫውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ጠርዙ እንዲህ ተንጋዶ አይሄድም፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይተረተራል አለችና ግራጫውን ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጎትታ ጠርዙን ፈትታ እንደገና መስፋት ጀመረች። እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ ጨርቁን ወጥራ ያዘችላት። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን እያስገባች እያወጣች፣ እህቷ በእነዚያ ሦስት እሁዶች ምን ለብሳ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። ቀሚስ ይሁን ሱሪ፣ ነጭ ይሁን ቀይ፣ ምንም አልመጣላትም። ያኔ ቅናቱ እንደ አዲስ ጀመራት።