አባዮ ያላየችው ድራማ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ድራማ ክበብ የገባሁት ተዋናይት ልሁን ብዬ አይደለም። የክበቡ አባላት ዓርብ ከሰዓት ከክፍል ቀድመው ይወጡ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከተማችን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ካሉት ትንንሽ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ትምህርት ቤታችን ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል የተጨመረለት በቅርቡ ስለነበር ትልቅ ለመምሰል የማናደርገው ነገር አልነበረም። ጅጅጋ ያሉት ተማሪዎች የወላጆች ቀን ያከብራሉ ሲባል እኛም እናክብር ተባለ። ሚኒ ሚዲያ አቋቋምን፤ ማይክሮፎኑን የተዋስነው ግን ከሰርግ ቤት ነው። ኤ ክፍልና ቢ ክፍል ለየብቻ መፈክር አውጥተን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ስንጮህ ሰነበትን።

ድራማውን የጻፉት ከደቡብ ተመድበው የመጡት የሲቪክስ መምህራችን ናቸው። የክብር እንግዳው የፊናንሶቹ አለቃ፣ ማለትም ጣቢያው ላይ ዕቃ የሚፈትሹት ሰዎች ኃላፊ መሆናቸውን ሲሰሙ ድራማውን በኮንትሮባንድ ላይ አደረጉት። አንዲት ነጋዴ ዕቃ ደብቃ ስትመጣ ትያዛለች፣ ትጸጸታለች፣ ሕዝቡን መክራ ትወጣለች። ነጋዴዋ እኔ ነበርኩ። የከተማው ግማሽ እንጀራውን የሚበላው ከዚያው ንግድ መሆኑን መምህሩ አጥተውት አይመስለኝም። እንግዳ ማስደሰት ነበረባቸው።

በእኛ ግቢ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። አባዮ እላታለሁ፤ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል፣ ልጇ ገና መቀመጥ መልመዱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ልጁን አዝላ በባቡር ድንበር አጠገብ ወዳለችው አይሻ ትሄድና ለሶማሌ ሴቶች ቀሚስ የሚሆን ስስ የድሪያ ጨርቅ ገዝታ ትመለሳለች። ያ ጨርቅ ነው የሁለቱም ጉሮሮ። በእጇ ይዛው አትመጣም፤ ልጁ ላይ ከብብቱ እስከ ጉልበቱ ጠምጥማ፣ ከላይ ሻርፕ ደርባ ታዝለዋለች። የታዘለ ሕፃን የሚያስፈታ ፊናንስ አልነበረም፣ ነውር ነበር። ቤት ስትደርስ ጨርቁን የምፈታላት እኔ ነኝ። ያ ወፍራም ልጅ ሲፈታ ግማሽ ይሆናል፣ ሁለታችንም እንስቃለን። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ አታውቅም። ለምን ብላ ትበለኝ? የቤት ልጅ ነበርኩ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ አባዮ አይሻ ሄዳ ነበር። ድራማው ከመጀመሪያው አልያዘም። ማይክሮፎኑ ይጮሃል፣ ለበዓሉ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ወላጆች እርስ በርስ ያወራሉ፣ የክብር እንግዳው ሰዓታቸውን ያያሉ። በጀርባዬ ሕፃን አዝያለሁ፤ አሻንጉሊት ስላልነበረን አንድ ሹራብ በአንሶላ ጠቅልለን የሠራነው ነው። ፊናንስ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ዘንቢሌን ፈተሸና ቃሉ ጠፋበት። የቢ ክፍል ልጆች ማፏጨት ጀመሩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው ፉጨት ነው። "ጨረስክ? እንግዲያው ልሂድ" አልኩትና ወደ ሕዝቡ ዞሬ በዓይኔ ጠቀስኩ። ሕፃኑን አወረድኩና የአንሶላውን ጫፍ ይዤ ሳብኩት። አንሶላው እየተፈታ ሲሄድ ሕፃኑ እያነሰ፣ እያነሰ፣ አንዲት ሹራብ ብቻ ቀረች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የክብር እንግዳው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሳቁ ሲበርድ ነው ከኋላ የቆሙት ሴቶች አንዳቸውም እንዳልሳቁ ያየሁት።

ሽልማቱን፣ አንድ መዝገበ ቃላት፣ የሰጡኝ ራሳቸው የክብር እንግዳው ናቸው። "ያቺን የመጨረሻዋን ከየት አመጣሻት?" አሉኝ።

"ከራሴ ነው፣ ጋሼ።"

"ይሄማ ከራስ አይመጣም" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እሱ ነው የባሰው።

ቀጥታ ወደ መምህሩ ሄድኩ። ሁሉንም ስነግራቸው ላባቸውን ጠረጉና "እኔ እንደሱ ብዬ አልጻፍኩም" አሉ። ከዚያ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ። በጣቢያው ስልክ ወደ አይሻ ደውለው አባዮን እንዲያስጠነቅቁልኝ ሹሙን ለመንኳቸው። "ልጄ፣ በዚህ ስልክ ባቡር መጣ፣ ባቡር ሄደ ነው የሚባልበት" አሉኝ። "ደግሞ ምን ብዬ ልንገራት? በመስመሩ ላይ ያለ ጣቢያ ሁሉ እየሰማ?" እውነታቸውን ነው። ሌላ የማውቀው በር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር መጸለይ ነው፤ ባቡሩ እንዲበላሽ። በየሳምንቱ የሚበላሸው ባቡር ያን ሳምንት አልተበላሸም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገባ። ፊናንሶቹ ከሌላው ጊዜ በርከት ብለው ተሰልፈዋል፣ አለቃቸውም አሉ። በአጥሩ በኩል ሾልኬ ፉርጎዎቹ አጠገብ ደረስኩ፣ ግን አባዮ ወርዳ ነበር። ልጠራት አፌን ስከፍት "ልጅ ያዘላችሁ በዚህ በኩል!" የሚል ድምፅ ቀደመኝ። "ልጆቹን አውርዱ።"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ በሶማሊኛ ጮኸች፣ ሌላዋ ፈጣሪን ጠራች። አባዮ ዞር ስትል እኔን አየችና ፊቷ በራ። ዘመድ አገኘች። "ነይ፣ ነይ እባክሽ፣ ልጁን ያዥልኝ፣ አንቺ ጋ አያለቅስም" አለችኝ። ሻርፑን ፈትታ ከነጨርቁ አሳቀፈችኝ። ልጁ እንደ ልማዱ ጆሮዬን ያዘ።

አለቃው መጡና የጨርቁን ጫፍ ፈልገው ሳቡት። ቀዩ ወጣ፣ አረንጓዴው ወጣ። እኔ ልጁ እንዳይወድቅ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሌላ የምሠራው የለኝም። በእቅፌ ውስጥ እያነሰ፣ እየቀለለ ሄደ። አባዮ "እንዴት አወቁ?" ትላለች በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። "ማነው የነገራቸው? እንዴት አወቁ?"

አለቃው ቀና ሲሉ ለዩኝ። ፈገግ አሉ፣ ከልባቸው። "አንቺ ነሽ እንዴ!" አሉና ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። "ትናንት ያስተማረችን ልጅ ይቺ ናት እኮ። ድራማዋን ባያችሁ!"

አባዮ መጠየቋን አቆመች። እኔን አየች፣ መሬት የወደቀውን ጨርቅ አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ልጇን ከእቅፌ ወሰደች።