ለእትዬ አስካለ የነገርኩት መርዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። እሳቸው ሲጠይቁኝ ቀለል ያለ ኃጢአት እየመረጥኩ ስሰጣቸው ኖሬያለሁ። ለእትዬ አስካለ የልጃቸውን ሞት የነገርኩት እኔ ነኝ። ነግሬ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ናዝሬት፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ገና ከትምህርት መውጣቴ ስለነበር ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ስሄድ መንገዱ ይጠበኝ ነበር። እትዬ አስካለ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚነግዱ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ከጋሪ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ፣ ቁስሉም አመርቅዞ መጡ። በፔኒሲሊን እየዳኑ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እየዳኑ ነበር።

አንድያ ልጃቸው ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። እሳቸው ተኝተው ሳለ መሞቱ ተሰማ። የባላቸው ወንድም አቶ ቶላ መጥተው ሁላችንንም ለመኑን። “ቁስሏ ይሻርላት፣ ቤቷ ትግባ። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እናረዳታለን” አሉ። እንደምታውቁት ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ሲነገርም ደግፎ የሚይዝ ሰው በዙሪያው ይኖራል።

እኔ ግን ሳቅኩ። የአቶ ቶላ ሚስት ዲንቄ አስታማሚ ሆና እዚያው ከአልጋው ሥር ነበር የምታድረው። ለእሷ “ነጭ የደም ሴል ጆሮ የለውም። ቁስሉን የሚያሽረው መድኃኒቱ ነው” አልኳት።

“አንተ ሐኪም ነህ፣ ታውቃለህ” አለችኝ። “ብቻ አፍህን ያዝልን።”

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ስለ ጎጂ ልማድ እንድናገር ተራው ደረሰኝ። መርዶን መደበቅ ምሳሌ አድርጌ አቀረብኩ። ከታመመ ሰው እውነት መሸሸግ ኋላቀርነት ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በማግስቱ ጠዋት የእትዬ አስካለን ደም ልቀዳ ገባሁ። ዲንቄ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች፣ ጎናቸው ያለው አልጋ ባዶ ነው። እጄን ያዝ አደረጉና “ልጄ፣ ሰዉ ሲያየኝ ለምንድን ነው ዝም የሚለው? ግርማዬ ደህና አይደለም?” አሉኝ።

“እኔ አላውቅም” ማለት እችል ነበር። ምን ይከብደኝ ነበር? እውነት ወዳድ ስለሆንኩ ነው የተናገርኩት? አይደለም። የትናንቱ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ስለነበረ ነው። ሲሪንጅ በእጄ እንደያዝኩ፣ እንደቆምኩ፣ “ግርማ ሞቷል። ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት” አልኳቸው።

“ሁሉም?” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አልጮኹም። እህል እምቢ አሉ፣ እንቅልፍም አጡ። ማን እንደነገራቸው ቢጠየቁም አልመለሱም። ሊገጥም የነበረው ቁስል እንደገና ተከፈተ፣ ትኩሳት መጣ፣ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገባ። መቂን ሳያዩ ሞቱ።

አቶ ቶላ “ማነው የነገራት?” ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ዲንቄን አየ። “በዋቃ! እኔ አይደለሁም!” እያለች ማለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። “እኔ ነኝ” ማለት ይበቃ ነበር፤ አላልኩም። አቶ ቶላ “የወንድሜን ሚስት ገደልሽ” ብለው ከቤት አስወጧት፣ ትዳሯም በዚያው ፈረሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አስተማሪ ሆንኩ። አሁን ተማሪዎቼን የማስተምረው ያኔ የሳቅኩበትን ነው። ነጭ የደም ሴሎች ገጻቸው ላይ የነርቭን መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሏቸው። ነርቮች እስከ ጣፊያና እስከ ንፍፊት ድረስ ዘልቀው ኖራድሬናሊን ይረጫሉ። ሰው ሲደነግጥ ይህ ንጥረ ነገር አንዳንዶቹን ሴሎች ወደ ደም ያስወጣል፤ ጭንቀቱ ሲሰነብት ግን ተህዋስን የመዋጋት ሥራቸውን ሊያዛባ፣ ቁስልም የሚሽርበትን ጊዜ ሊያዘገይ ይችላል። አሴቲልኮሊን የሚባለው ሌላው የነርቭ ንጥረ ነገር ደግሞ ብግነትን፣ የሰውነትን መቆጣት ማለት ነው፣ ያበርዳል። ሐዘን ቁስል ውስጥ መግቢያ በር አለው ማለት ነው። ዲንቄ ይህን ሁሉ ሳትማር አፌን እንድይዝ ለምናኝ ነበር።

ሳይንሱ ግን ገደልካቸው አይለኝም። ያመረቀዘ ስብራት በራሱ ይገድላል፤ የአንድን ሰው ሞት ለይቶ ለሐዘን መስጠት አይቻልም። በዚህ ጥርጣሬ ውስጥ ለዓመታት ተደብቄ ኖርኩ፣ ተመችቶኝም ነበር። የዲንቄ ነገር ግን ምን ጥርጣሬ አለው? እሷን ያፈረሳት ሴልም ተህዋስም አይደለም። እኔ ነኝ፣ ዝም በማለቴ።

ባለፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ምሳ ልበላ አንድ ቤት ገባሁ። ለሾፌሮች ወጥ የምታወጣው ዲንቄ ነበረች። አርጅታለች። እኔ ሳላውቃት እሷ አወቀችኝ።

“አካም ጅርታ፣ ሐኪም?” ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀችኝ። ሥጋ ጨመረችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። “ያኔ በክፉ ዓይን ያላየኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ” አለች።

አመስግኜ በላሁ።

ለእናንተ የነገርኳችሁ ስለማታውቋት ነው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእሷ ነው። እሷን ደግሞ እስከዛሬ አልጠየቅኳትም።