መሓሪ ከአፕዴት የጾመበት ሁዳዴ

መሓሪ የሚበላው ከዊንዶውስ ነው፤ የሚወደው ግን ሊኑክስን ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን በሚቸረቸርባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጥግ ይዞ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰው ሁሉ "ዊንዶውስ ጫንልኝ" ብሎ ይመጣል። እሱም ይጭናል፤ ፊቱን ላየው ግን ጥርሱን የሚያስነቅል ይመስላል። ከመጫኑ በፊት ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሊኑክስ የሚባል ነገር ሞክረህ ታውቃለህ?" ብሎ ይጠይቃል። እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ፣ በነጻ የሚገኝ፣ ዓርማው ፔንግዊን የሆነ ነገር እንደሆነ ያስረዳል። ደንበኛው "ጌም ያጫውታል?" ይላል። መሓሪ "አሁን አሁንማ..." ብሎ ይጀምራል። የአራዳ ሰው ደግሞ "አሁን አሁንማ" ብሎ የጀመረ ነጋዴ የት እንደሚያደርሰው ስለሚያውቅ፣ "ዊንዶውሱን ጫንልኝ ወንድሜ" ብሎ ይቆርጠዋል።

ለዚህ ሁሉ ንዴት ማስተንፈሻው የቴሌግራም ቻናሉ ነው። ስሙ "ፔንግዊን በአራዳ" ይባላል። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የጋሽ ሙሄን ካፌ ባንኮኒ ተደግፎ፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ዜና ይጽፋል። የትኛው ጌም ሊኑክስ ላይ መሄድ ጀመረ፣ የትኛው ዴስክቶፕ የስክሪን መስኮቶቹን ጥግ አሾለ፣ የትኛው ደግሞ ያሾለውን መልሶ አከበበ። የጻፈውን ለጋሽ ሙሄ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ጋሽ ሙሄ በዕድሜያቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ከባንኮኒያቸው ወዲያ የሚሸሹበት ስለሌላቸው ግን "አጃኢብ ነው" እያሉ ስኒያቸውን ያጥባሉ።

እንግዲህ ሰው ያለ አመል አይፈጠርምና መሓሪም አንድ ክፉ አመል አለበት። ሊኑክስ አንድ አይደለም፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መሓሪ ደግሞ አንዱ ላይ መርጋት አልቻለም። ኡቡንቱን ጭኖ "አበቃ፣ የመጨረሻዬ ይሄ ነው" ይላል። ወሩ ሳይሞላ ጠራርጎ አጥፍቶ ሚንት ይጭናል። ከዚያ ፌዶራ፣ ከዚያ አርች፣ ከዚያ ተመልሶ ኡቡንቱ። በእያንዳንዱ ጊዜ ዐይኑ ያበራል፤ ሰው አዲስ ቤት የገባ እንኳ እንደዚያ አይደሰትም።

ኢየሩስን ያገኛት በዚያችው ሱቅ ነው። ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ ናት። ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ እሱም የተለመደ ጥያቄውን ጠየቃት። ከደንበኞቹ ሁሉ "እስቲ ጫነው" ያለችው እሷ ብቻ ናት። መሓሪ እዚያው ቆሞ ወደዳት። በሳምንቱ ተመልሳ "ኧረ ባክህ ዊንዶውሴን መልስልኝ" ስትለው ያለ አንዲት ቃል መለሰላት። እሷም እንደሚወዳት ያወቀችው በዚህ ነው።

ከተዋወቁ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን፣ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ሙሄ ነበሩ። የኢየሩስ አባት አቶ ገብረዮሐንስ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ቤታቸው እሪ በከንቱ ነው። ጡረታቸውን የሚያሳልፉት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ካርታ እየተጫወቱ ነው። ሽማግሌዎቹ በደንቡ መሠረት "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ፤ በደንቡ ተለምነው ተቀመጡ፤ የልጁን ጠባይ እንዲናገሩም ተጠየቁ።

"ልጁ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጫት ደጅ አልደረሰም" አሉ ጋሽ ሙሄ። "ሱስ የሚባል የለበትም። በየወሩ ኮምፒውተሩን ከማፍረሱ በቀር።"

"ያፈርሳል ሲሉ?" አሉ አቶ ገብረዮሐንስ።

"ውስጡ ያለውን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋና ሌላ ይጭንበታል።"

"የነበረው ተበላሽቶ?"

ጋሽ ሙሄ ውሸት አይሆንላቸውም። "ኧረ ደህና ነበር" አሉ።

"ደህና የነበረውን ለምን ያፈርሰዋል?"

"አዲስ ወጥቶ ነዋ።"

አቶ ገብረዮሐንስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ደህና የነበረውን፣ አዲስ ወጣ ብሎ የሚያፈርስ ሰው..." አሉና ወደ ጓዳ፣ ልጃቸው ወዳለችበት ዞር ብለው አዩ። የቀረውን መናገር አላስፈለጋቸውም።

ጋሽ ሙሄ ይህን ሁሉ በማግስቱ ባንኮኒው ላይ ሲነግሩት መሓሪ ማኪያቶውን ወደ ጎን ገፋው። ፍርዱም አብሮ መጥቶ ነበር። አቶ ገብረዮሐንስ ያሉት እንዲህ ነው፤ የእሳቸው ኮምፒውተር ተንቀራፏልና መሓሪ ከሊኑክሶቹ አንዱን ይምረጥና ይጫንላቸው። የራሱም ላይ ያንኑ ይጫን። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። እስከ ፋሲካ ማዘመን የለ፣ መቀየር የለ፣ መነካካት የለ። "ሥጋና ቅቤ መተው ለማንም አይከብድም" ብለዋል። "እሱ የሚከብደውን ይጹም። ጾሞ ከፈሰከ ልጄን እሰጠዋለሁ።"

መሓሪ በጊዮርጊስ ማለ። የትኛውን እንደጫነ ግን አልናገርም፤ የየሊኑክሱ ደጋፊዎች ሲጣሉ አይቻለሁና ሰላሜን እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም የመሓሪን ጾም ሰምታ የተማከረች ይመስል፣ አዲስ ነገር በአዲስ ነገር ላይ ይወጣ ጀመር። እሱ ደግሞ ዜና ጸሐፊ ነው፤ መዘገብ አለበት። ሥጋ ቤት ተቀጥሮ ሁዳዴን እንደሚጾም ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላው ሲቆርጥ ይውላል። ለዓመታት ሊኑክስ ላይ አልሄድም ብሎ ያንገበገበው የመኪና እሽቅድድም ጌም እንኳ በመጨረሻ ተነሥቶ ሄደ። የሚሄደው ግን አዲሱን ቅጂ ለጫነ ብቻ ነው። መሓሪ ዜናውን ጻፈ። ጎረቤት ሱቅ ስልክ የሚሸጠው የሲን ወዲያው መልእክት ላከለት።

"ጀለስ፣ ሞከርከው?"

"ጾም ላይ ነኝ።"

"ጌም ፍስክ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መሓሪ ስልኩን ኪሱ ከተተና ለአንዲት ሴትዮ ዊንዶውስ ጫነላት።

ይህን ሁሉ አንድ ሌላ ሰው በንቃት ይከታተል ነበር። "አባዬ እኮ ቻናልህን እያነበበ ነው" አለችው ኢየሩስ አንድ ቀን።

"ለምን?"

"ሊይዝህ ነዋ! አዲስ ነገር ሞከርኩ ብለህ ስትጽፍ።" ትንሽ አሰበችና፣ "መጀመሪያ እንኳ ለዚያ ነበር" አለች። "ትናንት ግን እራት ላይ ስለ መስኮት ጥላ ሲያብራራልን አመሸ። እማዬ የጾም ሽሮዋን እንኳ በሰላም አልበላች።"

አቶ ገብረዮሐንስ ስልክም መደወል ጀምረው ነበር። "ነካህ?" ይላሉ ከሰላምታ በፊት።

"አልነካሁም ጋሼ።"

"ጎበዝ።" ስልኩን ግን አይዘጉም። "ያ ዛሬ ጠዋት የጻፍከው... እውነት እንደዚያ ያምራል?"

"ያምራል ይላሉ ጋሼ። እኔ አላየሁትም።"

"እህ" ይላሉ። ትንፋሻቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

በሕማማት ሳምንት የዓመቱ ትልቅ ዜና መጣ። እነሱ የጫኑት ሊኑክስ አዲስ ዴስክቶፕ ለሙከራ ለቀቀ። መስኮት ሲዘጋ እንደ አቧራ ብን ብሎ ይጠፋል። የካርታ ጨዋታው ካርታዎችማ በሰው እጅ እንደተበወዙ ሆነው ይገለባበጣሉ። መሓሪ ይህን ሲጽፍ ዕንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። ከሥርም ማስጠንቀቂያ አከለበት፤ "ገና ሙከራ ላይ ነው። ኮምፒውተራችሁን የምትወዱ አትንኩት።" ፋሲካ ደርሷል፤ ኢየሩስ ደርሳለች፤ እንደምንም ጥርሱን ነክሶ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

የስቅለት ዕለት መሓሪ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ሲሰግድ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ሰግዶ ሲነሣ ይነዝራል፤ ሲሰግድ ይነዝራል። አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ገላመጡት። ወደ ዛፉ ሥር ወጣ ብሎ አነሣው።

"መሓሪ ልጄ" አሉ አቶ ገብረዮሐንስ በሹክሹክታ። ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። "ቶሎ ቤት ብቅ በል። ለማንም እንዳትናገር።"

ሰውየው ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቤት ቀርተው ነበር፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ለተክርስቶስና ኢየሩስ ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። መሓሪ ምን ሆነው ይሆን እያለ ቁልቁል ሮጦ ደረሰ። አቶ ገብረዮሐንስ መቁጠሪያቸውን ይዘው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነው፤ ከላይ ጥቂት ነጫጭ ፊደላት ብቻ።

"ምን ነክተው ነው ጋሼ?"

"ምንም አልነካሁም" አሉ። ኮምፒውተር ያበላሸ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

መሓሪ ጎንበስ ብሎ ነጫጮቹን ፊደላት አነበበ።

"ያ ካርታው የሚገለባበጠው..." አሉ በመጨረሻ።

"እንዴ! አትንኩት ብዬ ጽፌ አልነበር?"

"ኮምፒውተራችሁን የምትወዱ ነዋ ያልከው። እኔ የምወደው ካርታውን ነው።" ቀና ብለው አዩት። "በል አስተካክለው፣ ለተክርስቶስ ሳትመጣ። በስቅለት ቀን፣ ጉልበቴን ብዬ ቀርቼ፣ ካርታ... አትምረኝም።"

መሓሪ እጁን ዘረጋ። ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ሊያርፍ ሲል ግን መሐላው ትዝ አለውና እንደ እሳት ሸሸው። "አልነካም ጋሼ። ምያለሁ።"

"እኔ ያስማልኩህ እኔ እፈታሃለሁ!"

"የማልኩት በጊዮርጊስ ነው እንጂ በእርስዎ አይደለም።"

ተያዩ። ከዚያ መሓሪ መላ አመጣ። እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፤ አፉ አልማለም። ችግሩ ግን አቶ ገብረዮሐንስ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለጉ መጻፋቸው ነው፤ መሓሪ ደግሞ ያንን እያየ እጁን መሰብሰብ አልቻለም። ሁለት ጊዜ ወደ ኪቦርዱ ሾልኮ ሄደበት። በመጨረሻ ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸውና፣ "እሰሩኝ ጋሼ" አለ። ሰውየው ነጠላቸውን አውርደው እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ቋጠሯቸው ጠንካራ ነበር። ሥራው ቀጠለ፤ አንዱን መስመር ሲጨርሱ ነጥብ ረስተዋል፤ ነጥቡን ሲጨምሩ መስመሩን አጥፍተዋል። ይህን ሲሉ የቤተ ክርስቲያኑ ስግደት አበቃ።

በሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ፊደላት እየተንጠባጠቡ ነበር። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ደጃፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ኢየሩስ ከኋላቸው።

"አንተ ሰውዬ! በስቅለት ቀን ሰው ታስራለህ?"

ወይዘሮዋ ስክሪኑን አዩ፣ የታሰረውን ልጅ አዩ፣ ነገሩ የገባቸው መሰላቸው። "ነካው ማለት ነው?" አሉ። "ፋሲካ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አልቻለም?"

መሓሪ አልነካሁም ቢል ሽማግሌውን በሚስታቸው ፊት ማዋረድ ነው፤ ዝም ቢል ኢየሩስን ማጣት ነው። ኢየሩስ ዐይኗን ከዐይኑ አልነቀለችም። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

አቶ ገብረዮሐንስ መቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ፣ ሌላ ፍሬ ቆጠሩ። አዎ ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ምን አንተ ነህ?"

"ያፈረስኩት። ልጁ እጁን አላሳረፈም፤ እንዳይነካ ብሎ ነው እሰሩኝ ያለኝ።"

"ተበላሽቶ ነበር እንዴ?"

"ደህና ነበር።"

"ደህና የነበረውን ለምን አፈረስከው?"

አቶ ገብረዮሐንስ ወለሉን እያዩ፣ "አዲስ ወጥቶ ነዋ" አሉ።

ወይዘሮ ለተክርስቶስ ባላቸውን አዩ፣ መሓሪን አዩ፣ እንደገና ባላቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔ ሳላውቅ ገባሁበት" አሉ። "አንቺ እንኳ አይተሽ ግቢ። በይ ፍቺውና ጉሮሯችሁን አርጥቡ፣ ስትሰግዱ ውላችኋል።"

ኢየሩስ ሳቋን እየዋጠች ከመሓሪ ጀርባ ሄደችና ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ልክ አንደኛው ቋጠሮ ሲላላ ስክሪኑ ብልጭ አለ። ፊደላቱ ጠፉ፣ ዴስክቶፑ ተመለሰ፣ ካርታዎቹ በቦታቸው ተደረደሩ። ከጥግ በኩል ደግሞ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ብቅ አለች፤ አዲስ ቅጂ ወጥቷል፣ ልጫን ወይ የምትል።

አማችና አማች እኩል ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

ኢየሩስ የላላውን ቋጠሮ መልሳ አጠበቀችው።